ዘይቤዎቹን ሁሉ ለየናቸው፣ ግጥሙ ግን አልገባንም

ደብተር ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን በዚህ የንባብ መድረክ ላይ የእናንተን እያነበብኩ ብቻ ነው የቆየሁት። ዛሬ የራሴን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። 17 ዓመት ሙሉ ከመዝገብና ከደረሰኝ ጋር ስውል ኖሬያለሁ። ግጥም ከተማሪነቴ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አራት ስንኝ ብቻ ናት። አስተማሪያቸው ራሱ የገጠማት ናት አለችኝ። እነሆ፦

ወንበሩ ተክዟል ጥጉን ይዞ ብቻው፣
ካፖርቱ ተሰቅሏል ባዶ ነው ትከሻው፤
ሰዓቱ ይቆጥራል እንደ ባለዕዳ፣
በሩ ጆሮ ሆኗል ለሚመጣ እንግዳ።

ትእዛዙ «በየስንኙ ያለውን ዘይቤ ለይታችሁ ጻፉ» ይላል። ልጄ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ወንበር ስለማይተክዝ አንደኛው ሰውኛ ዘይቤ። ካፖርት እንደ ሰው ትከሻ ስለተሰጠው ሁለተኛውም ሰውኛ። ሦስተኛው «እንደ» ስላለበት ተነጻጻሪ ዘይቤ። አራተኛው ያለ «እንደ» በሩን ጆሮ ስላደረገው ተለዋጭ ዘይቤ። በማግስቱ ታርሞ መጣ። ከአራት አራት።

ማታ ደብተሯን አሳየችኝና «እማዬ፣ ግጥሙ ግን ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንድ ሰው ከቤቱ የለም» አልኳት። «ማን?» አለች። «አባት ይመስለኛል።» «በምን አወቅሽ?» መልስ አልነበረኝም። «ሞቷል ወይስ ሄዷል?» ለዚህም አልነበረኝም። ከዚያ የራሷን ግምት ነገረችኝ። «ባለዕዳ» የሚል ቃል ስላለ ሰውየው ብድር መክፈል አቅቶት ጠፍቷል ባይ ናት። ልክ እንዳልሆነ ተሰማኝ። ለምን ልክ እንዳልሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በእኛ ሥራ እያንዳንዱ ቁጥር ከጀርባው ሰነድ አለው። ሰነድ የሌለው ወጪ አይመዘገብም። ግጥም ላይ ሰነዱ ምንድን ነው? አንድ ሰው «ይህ ስንኝ እንዲህ ማለት ነው» ሲል ከየት አምጥቶ ነው? የዘይቤዎቹን ስም ማወቃችንስ ምን ጠቀመን? የምታውቁ ካላችሁ ለእኔም ለልጄም በሚገባ ቋንቋ ንገሩን።

ፍቅረ ንባብ

እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። ግጥም ለእያንዳንዱ እንደ ገባው ነው። ልጅሽ ዕዳ ከታያት ለእሷ ግጥሙ ስለ ዕዳ ነው ማለት ነው። ልክና ስሕተት ያለው ሒሳብ ላይ እንጂ ግጥም ላይ አይደለም። ዋናው መውደዷ ነው።

ጠመኔ

ፍቅረ ንባብ፣ ልጅቷን ላለማስደንገጥ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን በዚህ አልስማማም። 22 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። «እንደ ገባህ ነው» የተባለ ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ አያነብም። ለምን ያነባል? አንዴ ገባው፣ አለቀ። ደብተር ያዥ ደግሞ የጠየቀችው ሰነድ ነው። ሰነድ አለ።

እህቴ፣ መጀመሪያ የልጅሽን ጥያቄ አመስግኚልኝ። ከአራት አራት ካገኘች በኋላ «ስለ ምንድን ነው?» ብላ መጠየቋ ብዙ ተማሪ የማያደርገው ነገር ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገርሽ። ዘይቤውን አውጥቼ በቦታው ተራ ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ። ከዚያ «ምን ጎደለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የጎደለው ነገር ዘይቤው የሠራው ሥራ ነው። የዘይቤው ስም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የት ቦታ ቆመን «ምን ጎደለ?» እንደምንል ይጠቁመናል።

አንደኛውን ስንኝ እንሞክረው። «ወንበሩ ጥግ ላይ ነው።» ምን ጎደለ? ትካዜው ጎደለ። ወንበር ግን አይተክዝም። ስለዚህ ትካዜው የሌላ ሰው ነው። የማን? ወንበሩን እያየ ያለው ሰው ነው። አየሽ፣ ግጥሙ ውስጥ አንድም ሰው አልተጠቀሰም። ሰውኛው ዘይቤ ግን አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ እንደሚያይ ነገረን። ያዘነው እሱ ነው። ሐዘኑን በራሱ አፍ መናገር ስላልቻለ ለወንበሩ ሰጠው። ይህን «ሰውኛ» የሚለው ስም ብቻውን አይነግርሽም።

«ብቻው» የሚለውን ቃል ደግሞ ልብ በሉት። ብቻውን የሆነ ነገር ሌላ ጊዜ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ስንኝ የምወደው ነው። እዚህ ልጅሽ የጻፈችውን አስተማሪው መቀበሉ ትክክል ነው። እኔ ግን ከሰውኛነቱ ይልቅ ሌላ ነገር ያስደንቀኛል። ስንኙ ቃል በቃል እውነት ነው። የተሰቀለ ካፖርት ትከሻው ባዶ ነው። ይህንን ማንም ልብስ ሰፊ ይነግርሻል። ምንም የተጋነነ ነገር የለውም። ግን በአማርኛ ትከሻ ሸክም የሚያርፍበት ነው። «ቤቱን በትከሻው የተሸከመ» እንላለን። እንግዲህ ቤቱን የተሸከመው ትከሻ ባዶ ሆኗል። ልብሱ ባለቤቱን ተክቶ ቆመ። አንቺ «አባት ይመስለኛል» ያልሽው ከዚህ ነው። «በምን አወቅሽ?» ስትልሽ ይህንን ስንኝ አሳያት። አባት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ እናትም ካፖርት ትለብሳለች። ግን ቤት የተሸከመ ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ሰነድ አለሽ።

አሁን ወደ «እንደ» ልምጣ። ልጆች «እንደ» ባዩ ቁጥር ተነጻጻሪ ዘይቤ ብለው ይጽፋሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። «እንደ ነገርኩህ» ውስጥ ዘይቤ የለም። «እንደ መጣ ተኛ» ማለት ወዲያው ተኛ ማለት ነው፤ ንጽጽር የለበትም። «ይህ ልጅ እንደ አባቱ ረጅም ነው» ቢሆንስ? ንጽጽር ነው፣ ዘይቤ ግን አይደለም። ሰውን ከሰው በቁመት መለካት ብቻ ነው። «ሰዓቱ እንደ ባለዕዳ ይቆጥራል» ሲባል ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በግድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልብ የሚነካው ያ ርቀት ነው።

አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ዘይቤን ለሁለት ከፍሎ አይቶታል። አንዱ የሚነገርለት ነገር ነው። ሌላው እሱን ለመናገር ሲባል ከሌላ ቦታ የመጣ ተሸካሚ ነው። እዚህ ስንኝ ላይ የሚነገርለት ሰዓቱ ነው። ተሸካሚው ባለዕዳ ነው። የልጅሽ ስሕተት አሁን ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ተሸካሚውን የታሪኩ ሰው አደረገችው። ባለዕዳው ቤቱ ውስጥ የለም፣ ከቤቱም አልጠፋም። ሰዓቱን ሊያሳየን መጥቶ የቆመ እንግዳ ቃል ነው። «ልቡ እንደ አንበሳ ነው» ሲባል ግቢው ውስጥ አንበሳ አንፈልግም።

ባለዕዳው ስለ ሰዓቱ ምን እንደሚነግረን ግን አልጽፍም። ሆን ብዬ ነው። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። ባለዕዳ ምን ምን እንደሚቆጥር ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ከልጅሽ ጋር ተነጋግረሽበት ተመልሰሽ ጻፊልን።

ጮክ ብዬ

መምህር፣ እጅግ ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። አንድ ነገር ልጨምር።

እኔ መጻሕፍት በድምፅ እቀርጻለሁ። ማየት ለማይችሉ አንባቢዎች ነው የጀመርኩት። ሥራው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ግጥም በዓይን ብቻ ሲነበብ ግማሹ እንደሚቀር ነው። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አይለይም። «ገና» ላላ ሲል «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ ጠበቅ ሲል በዓሉ ነው። «ዋና» ላላ ሲል ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠበቅ ሲል ዋነኛ ማለት ነው። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋውም ነው፣ ጠባብ ያልሆነውም ነው። ወረቀቱ ላይ ልዩነት የለም። አፍሽን ከፍተሽ ካላነበብሽው ገጣሚው የደበቀውን ነገር አልፈሽው ትሄጃለሽ።

ይህቺን ግጥም ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኳት። በየስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ ይያዛል። ወንበሩ ተክዟል። እረፍት። ካፖርቱ ተሰቅሏል። እረፍት። ሰዓቱ ይቆጥራል። እረፍት። በሩ ጆሮ ሆኗል። እረፍት። አራቱም ሐረጎች ስድስት ስድስት ምት ናቸው፣ አራቱም በ«ል» ይዘጋሉ። ል፣ ል፣ ል፣ ል። ማይክራፎን ፊት ሳነበው ሰዓቱ ከሦስተኛው ስንኝ በፊት መምታት የጀመረ መሰለኝ። አስተማሪው አስቦበት ያድርገው፣ ጆሮው ይምራው፣ አላውቅም። የሚሰማው ግን ይሰማል።

ልጅሽን ጮክ ብላ እንድታነብልሽ አድርጊ፣ እህቴ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ።

ሌሊት ጻፊ

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። መምህር ገና ያልነኩት አራተኛው ስንኝ ላይ አንድ ነገር ይታየኛል፣ ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን «ሰነድ» የሚለው ቃል ስለነካኝ የራሴን አንድ ምሳሌ ላምጣ።

ታናሽ ወንድሜ ሥዕል ይሥላል። አንድ ክረምት በጠና ታሞ ነበር። ቤት ውስጥ ማንም በሽታውን በስሙ መጥራት አልፈለገም። ያኔ ይህችን ጻፍኩ፦

ወንድሜ ሠዓሊው እንቅልፍ አጣ ከቶ፣
ሲስል ያድራል አሉ መብራቱን አብርቶ።

የሚያውቁን ሰዎች ሲሰሙ «ጎበዝ፣ ሥራ ላይ ነው» አሉ። እናቴ ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። «ሲስል» ሥዕል መሣል ነው፣ ማሳልም ነው። ኅብር የምንለው ይህንን አንድ ቃል ነው፤ ሁለት ፍቺ ያቀፈውን። ላይ ላይ የሚሰማው ሰም፣ ከሥር ያለው ወርቅ ይባላል። ስሙ ከወርቅ ሠሪ ሥራ የመጣ ነው። ቅርጹ መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙ በሸክላ ይሸፈናል። ሸክላው ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በባዶው ቦታ ይፈስሳል።

ይህን የምነግርሽ ስለ ሰነዱ ነው። ሰምና ወርቅ ስጽፍ አንድ ሕግ አለኝ። ሁለቱም ፍቺዎች ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው መቆም አለባቸው። «እንቅልፍ አጣ» ለሠዓሊም ይሆናል፣ ለታማሚም ይሆናል። «መብራቱን አብርቶ» ለሁለቱም ይሆናል። አንድ ቃል እንኳ ለአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላው ይፈርስ ነበር። አንባቢም እንደዚሁ ነው። የሚያነሣው ፍቺ ግጥሙን በሙሉ አልፎ መውጣት አለበት። የልጅሽን ፍቺ በዚህ ፈትኚው። ሰውየው ከአበዳሪ ሸሽቶ ከሆነ በሩ ለምን ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል? አበዳሪ ሊመጣ ነው ብሎ የሚፈራ በር ከሆነ ደግሞ «እንግዳ» አይለውም። ዕዳ የሚለው ፍቺ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ይቆምና አራተኛው ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ እንግዳው። መምህር፣ እኔ ይህ እንግዳ ተመልሶ የሚመጣው ባለቤት አይመስለኝም። የቤት ባለቤት እንግዳ ይባላል? እኔ ሞት ነው ብዬ አነበብኩት። ቤቱ አንዱን አጥቷል። ቀጣዩን ሊወስድ የሚመጣውን እያዳመጠ ነው።

ጠመኔ

ሌሊት ጻፊ፣ ግጥምሽ ልቤን ነክቶታል። ወንድምሽ ዛሬ ደኅና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ እንግዳው አሰብኩበት። ያንቺ ፍቺ ይቆማል። ትካዜውም፣ ባዶው ትከሻም፣ ቆጠራውም ይደግፉታል። እኔ ግን የማዘነብለው ወደ ሌላው ነው። «የቤት ባለቤት እንግዳ ይባላል?» ያልሽው ጥያቄ ለእኔ ተቃውሞ ሳይሆን የግጥሙ ሕመም ነው። በጣም ከቆየ የገዛ ቤቱ ይረሳዋል። ሲመለስ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ደግሞ የገጠመው ሰው «ዓይን ሆኗል» ማለት ይችል ነበር። «ጆሮ» አለ። ጆሮ ኮቴ የሚለይ ነገር ነው። የሰውን አረማመድ ከሩቅ የሚያውቀው የቤት ሰው ነው።

ሁለታችንም ግጥሙ ላይ ጣታችንን እየጠቆምን ነው የምንከራከረው። ፍቅረ ንባብ፣ «እንደ ገባህ ነው» ካልከው የምለየው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ፍቺ ሊቆም ይችላል። ሦስተኛው ሲወድቅ ግን አይተናል።

ፍቅረ ንባብ

ተቀብያለሁ፣ መምህር። ያልኩትን አንሥቻለሁ። አራተኛውን ስንኝ ደግሜ ሳነበው «ጆሮ» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት እንዳላየሁት ገባኝ።

ጥያቄ ላስከትል። አጭር ልብ ወለድ ሳነብ እንዲሁ ያጋጥመኛል። እዚያ ስንኝ የለም፣ ቤት መምቻ የለም። ምኑን ይዤ ነው «ምን ጎደለ?» የምለው?

የኅዳግ ማስታወሻ

ለፍቅረ ንባብ እኔ ልመልስ። ልብ ወለድ በእርሳስ ነው የማነበው፣ መጽሐፌ ኅዳግ ላይ ካልጻፍኩ ያነበብኩ አይመስለኝም።

እኔ የምከታተለው ድግግሞሽን ነው። አንድ ዕቃ መጀመሪያ ሲጠቀስ ዕቃ ነው። በር ላይ የተሰቀለ ቁልፍ በል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አሰምርበታለሁ። ሦስተኛ ጊዜ፣ በተለይ ታሪኩ ሲታጠፍ ከመጣ፣ ከዕቃነት አልፏል፤ ትእምርት ሆኗል፣ ከራሱ ሌላ ትርጉም የሚሸከም ምልክት ማለቴ ነው። ያኔ ወደ ኋላ ተመልሼ ሦስቱን ቦታዎች አንድ ላይ አነብባለሁ። ቁልፉ በመጀመሪያው ገጽ ማን እጅ ነበር? አሁንስ? በመካከል የተለወጠው ነገር ብዙ ጊዜ የታሪኩ ጭብጥ ነው። አንዴ ብቻ ብልጭ ያለን ነገር ትእምርት ነው ብሎ መሟገት ግን አልወድም። ሰማያዊ መጋረጃ አንዳንዴ መጋረጃ ነው።

ንግርም፣ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁመው ማለቴ ነው፣ እንደዚሁ ወደ ኋላ ሲነበብ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ስናነብ ዝም ብሎ ያለፈ ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው ስንመለስ ሊነግረን ሲሞክር እንደነበር እናያለን። ለዚህ ነው ጥሩ አጭር ልብ ወለድ ሁለቴ መነበብ ያለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ተራኪውን ማመን ነው። «እኔ» እያለ የሚተርክ ሰው ታሪኩን የሚነግረን በራሱ አንጻር ነው። ሊዋሽ ይችላል። ሳያውቅም ራሱን ሊያታልል ይችላል። ዌይን ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐያሲ በ1961 ለዚህ ዓይነቱ ስም አውጥቶለታል፤ የማይታመን ተራኪ ብሎታል። እንዴት ይታወቃል? ተራኪው የሚለው ነገርና እጁ የሚሠራው አይገጥሙም። «ስትሄድ ምንም አልመሰለኝም» ይላል። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር «ብርጭቆው እጄ ላይ ተሰበረ» ይላል። ያንተ «ምን ጎደለ?» እዚህ መካከል ላይ ይቁም። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ነው ደራሲው የተቀመጠው።

ስለ ሰዓቱና ስለ ባለዕዳው ደግሞ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ለደብተር ያዥ ይረዳት እንደሆነ። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ ተለዋጭ ዘይቤ የገጣሚዎች ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ በየቀኑ የምናስብበት መንገድ እንደሆነ አሳይተዋል። ካነሡት ምሳሌ አንዱ ጊዜን እንደ ገንዘብ ማየት ነው። በእኛም ንግግር አለ። ጊዜ ይቆጠባል፣ ጊዜ ይባክናል። ገጣሚው ከዚህ ተነሥቶ አንድ እርምጃ ሄደ። ጊዜ ገንዘብ ከሆነ ሰዓት ሊበደር ይችላል ማለት ነው።

ደብተር ያዥ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ቆይቼ ነው የምመልሰው። ከልጄ ጋር ሁለት ማታ ተቀምጠንበታል።

መጀመሪያ የመምህርን የቤት ሥራ። ባለዕዳ ምን ይቆጥራል?

ልጄ «ብር» አለች። አይደለም አልኳት። ይህንን እንኳ አውቀዋለሁ። ብር የሚቆጥረው አበዳሪው ነው። ባለዕዳ የሚቆጥረው ቀን ነው። 17 ዓመት አይቻቸዋለሁ። መክፈያው ቀን የደረሰበት ሰው ስልክ ሲያነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ቀን ቀረኝ?» ነው። ስንት ብር እንደቀረበት አይጠይቅም፣ እሱን በልቡ ያውቀዋል። የሚቆጥረውም ወደ ታች ነው። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። አበዳሪ ወደ ላይ ይቆጥራል፣ ባለዕዳ ወደ ታች ይቆጥራል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ባለዕዳ ቆጠራውን ማቆም አይችልም። ሌላ ሥራ እየሠራም ይቆጥራል፣ ተኝቶም ይቆጥራል።

ይህንን እየነገርኳት መሐል ላይ ራሴው ዝም አልኩ። ሰዓቱ እንዲያ ነው የሚቆጥረው ማለት ነው። በፍርሃት፣ ወደ ታች፣ ማቆም ሳይችል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ «ሰዓቱ ይቆጥራል» ብቻ ቢባል ኖሮ ይህ ሁሉ ይጎድል ነበር። መምህር፣ «ምን ጎደለ?» ያሉኝ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ሥራ ቦታ የማውቀው ነገር ግጥም ውስጥ ይጠቅመኛል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

«ሰዓቱ ለማን ነው ዕዳ ያለበት?» አለች ልጄ። ለቤቱ ነው ብለን ተስማማን። ሰውየውን የወሰደው ጊዜ ነው። መመለስ አለበት። የወሰደው ሞትም ይሁን መንገድ እዚህ ላይ ግድ አልሰጠንም። ልጄ ከሌሊት ጻፊ ጋር ናት፣ እኔ ከመምህር ጋር። አልተስማማንም፣ እስካሁን አልተስማማንም። ስለ ዕዳ ሸሽቷል ያለችውን ግን ራሷ ተወችው። አራተኛው ስንኝ ላይ ጣቷን አድርጋ «እዚህ ጋ ይወድቃል» አለች።

ሁለተኛው ማታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። እውነት ነው፣ ል፣ ል፣ ል፣ ል ይላል። አራተኛ ጊዜ ስታነብ መሐል ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ተክዟል። ተሰቅሏል። ሆኗል። እነዚህ አልቀዋል» አለች።

«እንዴት?»

«ያለቀ ነገር ነው እንዲህ የሚባለው። ሰዓቱ ብቻ ‹ቆጥሯል› አይልም። ‹ይቆጥራል› ነው የሚለው። ቤቱ ውስጥ ያላለቀው ሰዓቱ ብቻ ነው።»

ደብተሩን ተቀበልኳትና አየሁ። ሦስቱ ያለቁ ናቸው። አንዱ እየሄደ ነው። በ«ል» ከሚዘጉት አራት ግሦች አንዱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ለካ ሰነዱ ግሡ ውስጥም ነበር። መምህር፣ ይህንን እርስዎ ቀድመው አይተውት ይሆናል። ለእኛ ግን አዲስ ነው፣ ያገኘችውም እሷ ናት።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ የራሷን ስንኝ ስትጽፍ አገኘኋት። ለአስተማሪው ግጥም መቀጠያ ነው አለችኝ። እስካሁን አንድ አላት፦

ጫማው በር ላይ ቆሟል መንገዱን ዘንግቶ፣

ሁለተኛው አልመጣላትም። ይህንን ስጽፍላችሁ አጠገቤ ሆና በ«ቶ» የሚያልቁ ቃላት እየጠራች ነው። አንዳንዱን «ይህ ይጮኻል» ብላ ትሰርዘዋለች።